የዲሲ ምርጫ እና የአክስቴ ልጅ ጥያቄ

ባለፈው ዓመት ኦገስት ላይ የአክስቴን ልጅ ማታ ማታ ከሥራ የማመጣት እኔ ነበርኩ። መሀል ዋሽንግተን ዲሲ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ነው የምትሠራው። ቲፒኤስ የሚባለው ጊዜያዊ ከለላ አላት፤ የሥራ ፈቃዷም ከቦርሳዋ አይለይም። ቢሆንም ፈራች። «ጋሼ፣ ዛሬም ፎርቲንዝ ስትሪት ላይ ቆመዋል አሉ፤ በየት በኩል ይሻላል?» እያለች ትደውልልኛለች።

ኦገስት 11 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የከተማዋን ፖሊስ ለ30 ቀን በፌዴራል መንግሥት ሥር አደረጉት። ናሽናል ጋርድ ጎዳና ላይ ወጣ። የአይስ፣ ማለትም የፌዴራሉ ኢሚግሬሽን ፖሊስ፣ ሰዎች ከከተማዋ ፖሊስ ጋር አብረው መኪና ያስቆሙ ጀመር። በሞተር ምግብ የሚያደርሱ ልጆች መንገድ ላይ ይያዙ የነበረው ያን ሰሞን ነው። በዚያው ሳምንት የፖሊስ አዛዧ ትእዛዝ አወጡ። ፖሊስ ለትራፊክ ስላስቆመው ሰው ለኢሚግሬሽን መረጃ መስጠት ይችላል የሚል።

እኔን ከወታደሩ ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ ትእዛዝ ነው። ወታደሩን የላከው ዋይት ሐውስ ነው። ትእዛዙን ያወጡት ግን ከንቲባዋ የሾሟቸው ሰው ናቸው። ከንቲባዋን ደግሞ የመረጠው የዲሲ ሕዝብ ነው። እኛም አለንበት።

ከንቲባ አይስን ከከተማ ማስወጣት አይችልም። ዲሲ ስቴት ስላልሆነች ኮንግረስ ሕጓን ሊሽርባት ይችላል። ይህ እውነት ነው። የቀረው ግን ቀላል አይደለም። በ2020 የወጣ የከተማዋ ሕግ አለ። እስር ቤቱ ያለ ዳኛ ትእዛዝ ሰውን ለኢሚግሬሽን ብሎ እንዳያቆይ ይከለክላል። በ2025 ከንቲባዋ ባቀረቡት በጀት ውስጥ ይህ ሕግ እንዲሻር ሐሳብ ነበረበት። የከተማዋ ምክር ቤት ግን ሐሳቡን ከበጀቱ ሰረዘው። ምክር ቤቱ 13 ሰው ነው። ስንቶቻችን ነን የራሳችንን ዋርድ (የምርጫ ክልል) ተወካይ ስም የምናውቀው? ስለ አዲስ አበባ ፖለቲካ ስናወራ የምናመሸውን ያህል፣ ለእነዚህ ሰዎች ግማሽ ሰዓት ብንሰጥ ምናለ?

አንድ ማታ መኪና ውስጥ የአክስቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ዜጋ ያልሆነም መምረጥ ይችላል አሉኝ። ልመዝገብ እንዴ?» አለችኝ።

የሰማችው ልክ ነው። ዲሲ በ2022 ባወጣችው ሕግ፣ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም ለከንቲባ፣ ለምክር ቤትና ለትምህርት ቦርድ መምረጥ ይችላል። በ2024 ሥራ ላይ ዋለ። ግን የመራጮች ስም ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት ነው። ነገ ዜግነት ስታመለክት ቅጹ «ለመምረጥ ተመዝግበህ ታውቃለህ? መርጠህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሕጉ ቢፈቅድላትም የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክር እንዳትፈርም ነገርኳት። አማከረች፤ ተወችው። በዲሴምበር 2025 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት የኢትዮጵያውያንን ቲፒኤስ እንደሚያቋርጥ አስታወቀ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ገባ። ስሟን የትም ላለማስፈር መወሰኗን ማንም ሊወቅሳት አይችልም። ስለዚህ የእሷም ጉዳይ የሚወድቀው የአሜሪካ ፓስፖርት ባለን ሰዎች ላይ ነው።

ፓስፖርት ኖሮንም ግን አንድ በር ላይ እንቀራለን። ከንቲባ ሙሪኤል ባውዘር ለአራተኛ ጊዜ እንደማይወዳደሩ ኖቬምበር 2025 ላይ ተናግረዋል። ወንበሩ ክፍት ነው። በዲሲ ዴሞክራቱ በጣም ስለሚበዛ፣ ከንቲባው የሚለየው በተግባር ኖቬምበር ሳይሆን ፓርቲው እጩውን በሚለይበት ቅድመ ምርጫ፣ ፕራይመሪው ላይ ነው። ዘንድሮ፣ በ2026፣ ጁን 16 ነው። እዚያ ላይ ለመምረጥ በፓርቲው ስም መመዝገብ ያስፈልጋል። በ2024 ሕዝቡ ፓርቲ የሌለውም እንዲገባ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። ምክር ቤቱ ግን ያንን ክፍል ገና ሥራ ላይ አላዋለውም።

ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ይህን ሳወራ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ እኔ ፓርቲ የሚባል ነገር ውስጥ ስሜን አላስገባም» አሉኝ። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። በደርግ ጊዜ የፓርቲ ስም ዝርዝር ሰው አስፈጅቷል። ከዚያም በኋላ የአባልነት ጉዳይ እንጀራ ያሰጥና ይከለክል ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ቅጹ ላይ «ፓርቲ የለኝም» የሚለውን ቢመርጥ አይፈረድበትም። እዚህ ግን ስብሰባ የለም፣ መዋጮ የለም፣ የሚጠራህ ሰብሳቢ የለም። አንድ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ለመቀየር የሚፈልግ ሰው ከፕራይመሪው 21 ቀን በፊት መጨረስ አለበት። ቀኑ ካለፈ ወዲያ የሚደረግ ነገር የለም። አባታችንን ቁጭ ብለን አስረዳናቸው፤ ልጃቸው በስልኳ ቀየረችላቸው።

ዘንድሮ አዲስ ነገርም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ እጩዎችን በቅደም ተከተል፣ እስከ አምስት ድረስ መምረጥ ይቻላል። የመራጮች መረጃ በአማርኛም ይገኛል። ከተማዋ በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ተናጋሪውንም ስለሚመለከት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ደግሞ የራሳችሁ የአካባቢ አስተዳደር፣ የራሳችሁ ሸሪፍ አላችሁ። ጥያቄው እዚያም ያው ነው።

እጩዎች ሐበሻ ሰፈር መጥተው እንጀራ መብላት ጀምረዋል። በቅርቡ አንዱ ሲመጣ የአክስቴ ልጅም አብራኝ ነበረች። ሁሉም ፎቶ ሲነሳ እሷ እጇን አነሳች። «ፖሊስ ለመብራት ጥሰት ቢያስቆመኝ ስሜን ለአይስ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም?» አለችው። ስለ ስደተኞች አስተዋፅኦ ብዙ ተናገረ። ደግማ ጠየቀችው። «የዳኛ ትእዛዝ ከሌለ አይሰጥም፤ የፖሊስ አዛዧን ትእዛዝ በመጀመሪያው ሳምንት እሽረዋለሁ» አለ። እኔም ቀኑን ጨምሬ ጻፍኩት። የሌሎቹንም መልስ ስሰማ እዚሁ አሳውቃችኋለሁ።