የጋሼ ወጥ ያለ ጨው

ጋሼ ኩላሊቱ ደክሟል ከተባለ ወዲህ ማድ ቤቱን የተረከብኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ «ጨው ቀንሱ» አለ። ጋሼ ደግሞ «ጨው የሌለው ወጥ ከምበላ ጦሜን ባድር ይሻለኛል» አለ። እኔ መሃል ቤት ቀረሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ እንኳ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። የደከመ ኩላሊት ደግሞ ትርፉን ማስወጣት ያቅተዋል፤ ውሃ ይጠራቀማል፣ እግር ያብጣል፣ ደም ግፊት ይጨምራል። ጨው ደግሞ ከእጃችን ብቻ አይደለም የሚገባው። ተፈጭቶ የሚሸጠው በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ምጥን ሽሮ ብዙ ጊዜ ጨው አለበት። የሾርባ ኩቡማ አይነሳ! ስለዚህ በርበሬያችንን ያለ ጨው አስፈጨን።

ጅማ መኖራችን በጀን። ኮረሪማ የአካባቢያችን ጫካ ልጅ ነው። ሐሙስ ገበያ ወጥቼ ከነቅርፊቱ እገዛለሁ፤ ተፈልፍሎ የቆየው ሽታው ይጠፋል። ቅርፊቱን ሰብሬ ፍሬውን ምጣድ ላይ ለአፍታ አሞቅና ሙቀጫ ውስጥ እወቅጠዋለሁ። ያኔ ሽታው ሳሎን ድረስ ይሄዳል፣ ጋሼም «ምን እየተሠራ ነው?» ይላል። ወጡ ሊወጣ ሲል ነው የምነሰንሰው፤ ቀድሞ ከገባ እየተንተከተከ መዓዛው ይተናል። ደረቅ በሶብላም እንደዚያው፣ በመዳፌ አሽቼ መጨረሻ ላይ። አልጫው ላይ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አልሰስትም። ቅቤው በኮሰረት ይነጠራል፣ ግን ትንሽ ነው የምጠቀመው። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ደግሞ ምላስ የጨውን ነገር ይረሳል።

የጋሼ የደም ምርመራ ፖታሲየሙ (የደከመ ኩላሊት ማስወጣት የሚያቅተው ሌላው ማዕድን) ከፍ ማለቱን ስላሳየ፣ እሱ የሚበዛበት ቲማቲም ቀርቷል። ድንቹን አድቅቄ ከትፌ፣ በብዙ ውሃ ቀቅዬ፣ ፖታሲየሙ አብሮ እንዲወጣ ውሃውን እደፋለሁ። ይህ ለሁሉም የኩላሊት ታማሚ አይደለም፣ የየራሳችሁን ውጤት ጠይቁ። «የጨው ምትክ» ተብሎ የሚሸጠውን ግን ሐኪም ሳይፈቅድ እንዳትነኩት፤ አብዛኛው ፖታሲየም ነው።

አንዲት ጎረቤታችን ለኩላሊት ፍቱን ነው ብለው የሚፈላ ቅጠል አመጡልን። አመስግኜ ተቀበልኳቸው፣ ግን አላፈላሁትም። ለወጥ ቆንጠር አድርጎ መጨመር ሌላ፣ በብርጭቆ መጠጣት ሌላ። የደከመ ኩላሊት ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ አልወድም።

አሁን የቀረን ዳጣ ነው። ጋሼ ያለ እሱ ሥጋ አይበላም፣ ያለ ጨው የሠራሁትን ደግሞ «ቃሪያ ብቻ» ብሎ መለሰልኝ። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ጨምሬ እንደገና ልሞክር ነው። የሚሻል አሠራር የምታውቁ ጻፉልኝ።