ትልቁ ርካሽ ወይስ ትንሹ ጥሩ? የቤንዚን ሞዴል አውሮፕላን በሰሜን ሸዋ ደጋ

በሪሞት የሚበር የቤንዚን አውሮፕላን ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው መጨረሻ ላይ ሁለት ነገር መሐል ይቆማል። አንደኛው ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ግድም፣ በጥንቃቄ የተሠራ፣ ቀላል፣ 35 ሲሲ ሞተር የሚጎትተው ነው። ሁለተኛው በዚያው ገንዘብ የሚገኝ 2 ሜትር ከ20፣ 55 ሲሲ፣ ነገር ግን እንጨቱም ኮላውም ብሎኑም የተቆጠበበት ነው። ውጭ አገር ያሉ አብራሪዎች ሲጠየቁ አብዛኞቹ «ትልቅ ሁልጊዜ ይሻላል» ይላሉ። ምክሩ ለእነሱ ሜዳ ልክ ነው። ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ መሐል ሜዳማ ከ3,000 ሜትር ታልፋለች። እዚህ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ቀን ላይ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲደርስ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው በባሕር ዳርቻ ከሚመዝነው 70 ከመቶ ያህሉን ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚሳሳ ጉልበቱ በ30 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ክንፉም ያንኑ ክብደት ለመሸከም 20 ከመቶ ያህል ፈጥኖ መሄድ አለበት። መሬት ከነካ በኋላ እስኪቆም የሚንደረደርበት ርቀት ደግሞ በ40 ከመቶ ይረዝማል። እነዚህ ቁጥሮች ለሁለቱም አውሮፕላኖች እኩል ይሠራሉ፤ ጉዳቱ ግን እኩል አይደለም።

ትንሹ ተገጣጥሞ 5.2 ኪሎ፣ የክንፉ ስፋት 80 ካሬ ዴሲሜትር እንበል። በእያንዳንዱ ካሬ ዴሲሜትር 65 ግራም ተጭኗል ማለት ነው። ትልቁ ርካሽ 9 ኪሎ መዝኖ ክንፉ 90 ካሬ ዴሲሜትር ቢሆን ጭነቱ 100 ግራም ይሆናል። የትንሹ ፍጥነት በባሕር ዳርቻ ወደ 35 ኪሎ ሜትር በሰዓት ግድም ሲወርድ ክንፉ ማንሳት ያቆማል፤ ደብረ ብርሃን ላይ 42 ገደማ ላይ። ትልቁ በባሕር ዳርቻ 43 የነበረው እዚህ 52 ይሆናል። ልብ በሉ፤ ትንሹ ደብረ ብርሃን ላይ የሚያርፈው ትልቁ ባሕር ዳርቻ ላይ በሚያርፍበት ፍጥነት ነው። ክብደቱ ሲጨመርበት ትልቁ መሬት ሲነካ ይዞት የሚመጣው ጉልበት ከትንሹ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። ያንን ጉልበት የሚቀበለው ደግሞ ፋብሪካው የቆጠበበት የእግር ማሰሪያ ነው።

ሜዳውንም አስቡት። እኛ ጋ አስፋልት መንደርደሪያ የለም፤ ያለው የግጦሽ መሬት ወይም ገብሱ ታጭዶ የተነሳለት ማሳ ነው። ጉብታ፣ ድንጋይ፣ ጉድጓድ፣ ከየት መጡ የማይባሉ በጎች። ክረምት ላይ ዋልካው ጎማ ላይ ሲጠመጠም 9 ኪሎ አውሮፕላን በአፍንጫው ይተከላል። ትንሹም ቢሆን ክረምት ላይ ባይወጣ ይሻላል።

ትልቁን ርካሽ ገና ከሳጥኑ ስታወጡት መጀመሪያ የእግሩን ማሰሪያ ሳንቃ እዩ። ሆዱ ውስጥ 3 ሚሊ ሜትር ግድም የሆነ ኮምፔንሳቶ አለ፤ የአሉሚኒየሙ እግር በብሎን የሚታሰረው እሱ ላይ ነው። በስልክ ባትሪ አብርታችሁ ሳንቃው ከጎን ግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን መስመር ተከተሉ። ኮላው ሙሉ መስመር ከሆነ ጥሩ፤ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ያለ ብቻ ከሆነና መሐሉ ላይ ነጭ ደረቅ እንጨት ከታየ፣ ያ ሳንቃ የመጀመሪያው ጠንከር ያለ ማረፍ ላይ ከነእግሩ ተነቅሎ ይወጣል። በአውራ ጣት ጫን ስትሉት ጠቅ የሚል ድምፅ ከተሰማ አለቀ። መፍትሔው ዳሩን በብርጭቆ ወረቀት ማሻከር፣ ቀስ ብሎ በሚደርቅ የ30 ደቂቃ ኢፖክሲ ባለ ሦስት ማዕዘን እንጨት ከጥግ ጥግ መለጠፍ፣ ከላዩ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፋይበርግላስ ጨርቅ ማልበስ ነው። ባለ 5 ደቂቃው ኢፖክሲ ይሰባበራል፤ እሱን ለሌላ ነገር አቆዩት።

ሞተሩ የሚታሰርበት የፊት ግድግዳም ያው ነው። የ55 ሲሲ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ንዝረት ቀልድ አይደለም። ከጎን በ3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ጠንካራ የእንጨት ሚስማር አስገብቶ በኢፖክሲ ማጥበቅ፣ ከብረት ጋር የሚገናኝ ብሎን ሁሉ ላይ ሎክታይት (ብሎን በንዝረት እንዳይፈታ የሚይዝ ሙጫ) ጠብ ማድረግ፣ ሮንዴላ መጨመር ግዴታ ነው። ይህ ሁሉ ጥገና ግን ክብደት ነው። ጅራቱ አካባቢ የተጨመረ ግራም ደግሞ ሚዛኑን ለመጠበቅ አፍንጫው ላይ ሁለት ሦስት እጥፍ እርሳስ ያስጨምራል። 9 ኪሎ ተብሎ የተገዛው 9 ተኩል ሆኖ ሜዳ ይወጣል፤ ለደጋ የማይሆነው ይህ ነው።

ሰርቮው ላይ፣ ማለትም የክንፍና የጅራት ተንቀሳቃሽ ክፍሎችን በሚያዞረው ትንሽ ሞተር ላይ፣ ሰው በብዛት ይሳሳታል። ለ55 ሲሲ አውሮፕላን ማሽከርከሪያ ኃይላቸው ቢያንስ 20 ኪሎ ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ጥርሳቸው ብረት የሆነ ሰርቮዎች ያስፈልጋሉ፤ ለጅራት ሦስት፣ ለክንፍ ሁለት ወይም አራት። 35 ሲሲው በ15 ኪሎ ሳንቲ ሜትር ይረካል፤ ቁጥሩም ያንሳል። ስለዚህ በአካሉ ዋጋ የተቆጠበው ገንዘብ ሰርቮ ላይ ይበላል። በፕላስቲክ ጥርስ ልሞክር የሚል ሰው ክንፍ ላይ ያለውን ተንቀሳቃሽ ክፍል በጣቱ ይዞ ያወዛውዘው፤ ጫፉ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወዲያና ወዲህ ከተጫወተ አየር ላይ በፍጥነት ሲሄድ መርገብገብ ይጀምራል። መርገብገቡ አንዴ ከጀመረ ማጠፊያውን ለመንቀል ሰከንዶች ይበቁታል።

ስለ ጉልበቱ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። የሞተሩን ዙር የሚለካው ታኮሜትር ደብረ ብርሃን ላይም ባሕር ዳርቻ ላይም ተቀራራቢ ቁጥር ያሳያል። ሞተሩ ደክሟል፤ ፕሮፔለሩ የሚቀዝፈው አየርም ስለሳሳ ሥራው ቀሏል፤ ሁለቱ ይካካሳሉ። ዙሩን አይቶ «ሞተሬ ደህና ነው» ያለ ሰው ሲያስነሳው አውሮፕላኑ ሜዳውን ጨርሶ አጥር ላይ ይደርሳል፤ የቀነሰው ግፊቱ ነውና። ሞተሩ ከሚፈቅዳቸው ፕሮፔለሮች ውስጥ ሰፋ ያለውንና ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄድበት ርቀት) ያነሰውን መምረጥ ለመነሳት ይረዳል፤ ስፋቱና ፒቹ በኢንች ሲጻፍ፣ ለ55 ሲሲ በ22 በ10 ፋንታ 23 በ8፣ ለ35 ሲሲ በ19 በ10 ፋንታ 20 በ8። ስታደርጉት ግን ጅራቱ ተነስቶ አፍንጫው ሲስተካከል የፕሮፔለሩ ጫፍ ከመሬት ስንት ጣት እንደሚርቅ ለኩ። በ4.1 ፈረስ ጉልበት የሚገፋ 5.2 ኪሎ ከደጋው ቅናሽ በኋላ ለአንድ ኪሎ ከግማሽ ፈረስ ጉልበት በላይ ይተርፈዋል። በ5.5 የሚገፋው 9 ኪሎ ግን 0.43 አካባቢ ይቀረዋል። ይበራል፤ ስትሳሳቱ የሚያወጣችሁ ትርፍ ግን የለውም።

ለትልቁ የሚከራከር ሰው ነፋሱን ያነሳል፤ ትክክል ነው። ደብረ ብርሃን ከረፋዱ በኋላ የሚነሳው ነፋስ ትንሽና ቀላል አውሮፕላንን ያንገላታል፤ ከባዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከርቀትም በደንብ ይታያል። መልሱ ሰዓት መምረጥ ነው። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት አየሩ የተኛ ነው፤ ብርዱም አየሩን ስለሚያጠነክረው ክንፉም ሞተሩም ከቀትሩ ይልቅ ይበረታሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ባትሪዎቹን እስከ መጨረሻው ሰዓት ጃኬት ውስጥ ያዟቸው።

ማጓጓዣውም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ፈጣን መልእክት የሚያደርሱ ድርጅቶች በአብዛኛው የሳጥኑን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሳንቲ ሜትር አባዝተው ለ5,000 ያካፍላሉ፤ ከእውነተኛው ክብደት ከበለጠ የሚያስከፍሉት በዚያ ነው። 180 በ50 በ45 የሆነ ሳጥን 81 ኪሎ ይባላል፤ 150 በ40 በ35 የሆነው 42። ከዚያ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር በሚኒባስ አለ፤ የትልቁን አካል ወንበር ሳይታጠፍ ማስገባት አይታሰብም። ከማዘዛችሁ በፊት ግን የሲቪል አቪዬሽንና የጸጥታ አካላትን ፈቃድ ጨርሱ። ያለ ፈቃድ የሚመጣም የሚበርም ነገር ጣጣው ብዙ ነው።

ስለዚህ ለደጋው ትንሹን ጥሩ እመርጣለሁ። ትልቅ ካልሆነ አልጠግብም ለሚል ደግሞ ርካሹን አካል ትቶ ያገለገለ ነገር ግን ቀላል የሆነ 55 ሲሲ ቢፈልግ ይሻለዋል፤ ሚዛን ይዞ ሄዶ መዝኖ ይግዛ። በጎን በኩል ቱቦውንና ዘይቱን አትርሱ፦ ለሌላ ነዳጅ የሚሠራው የሲሊኮን ቱቦ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፤ ታይጎን የሚባለው የቤንዚን ቱቦ ይሁን። ዘይቱ ለቱ ስትሮክ የሚሆን፣ ልኩም የሞተሩ መመሪያ የሚለው ይሁን፤ 30 ለ 1 ከተባለ ለ5 ሊትር ቤንዚን 167 ሚሊ ሊትር ነው።

የቀረው ካርቡሬተሩ ነው። የዋልብሮ ዓይነቱ ሁለት ቪቴ አለው፤ አንዱ ለሚኒሞ፣ አንዱ ለሙሉ ጋዝ። ከፋብሪካ የመጣው ልክ ለደጋ ቤንዚን ያበዛል፦ ሞተሩ ያንኮራፋል፣ ማርሚታው ይጨሳል፣ ካንዴላው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሰው ጅራቱን አጥብቆ ይዞ ሙሉ ጋዝ ስጡ፤ የሙሉ ጋዙን ቪቴ በትንሽ ካቻቢቴ ጥቂት በጥቂት ዝጉ፤ ዙሩ ጫፍ ሲደርስ ከዚያ ላይ ከ200 እስከ 300 ዙር እስኪቀንስ መልሳችሁ ክፈቱ። ከዚያ ሚኒሞውን አስተካክሉ፤ ጋዝ ድንገት ሲሰጠው አንገቱን የሚደፋ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ጉርጉር ብሎ የሚነሳ ከሆነ በዝቶታል።

ሸዋ ሮቢት ከደብረ ብርሃን መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 1,300 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች፤ እዚያ ትልቁም ቢሆን የሚወራለትን ያህል ይበራል። ነገር ግን በደብረ ብርሃን ልክ የተዘጋ ካርቡሬተር ይዛችሁ ጣርማ በርን ወርዳችሁ ሙሉ ጋዝ ከሰጣችሁ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ዘይቱም አብሮ ያንሳል፣ ሲሊንደሩ ይግላል፣ ፒስተኑ ይነክሳል። ከታች ሞተሩን ከመንካታችሁ በፊት ሁለቱንም ቪቴ አንድ ስምንተኛ ዙር ክፈቱ፤ ከዚያ ከላይ የተባለውን ከሀ ጀምራችሁ ድገሙት።