ጀበና በማስመሪያ አይለካም

የእደ ጥበብ ውድድር ላይ ሸክላ ልታቀርቡ ያሰባችሁ እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው እኔን ማንም አስቀድሞ ስላልነገረኝ ነው። ምዝገባው ቀላል ነው፤ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶግራፍና ናሙና ይዞ መሄድ ብቻ። አፈር መውቀጡን፣ መንፋቱን፣ ማቡካቱንና ማድረቁን እናንተው ታውቁታላችሁ። ፈተናው ዳኞቹ ጋ ነው።

ያቀረብኩት አዲስ አበባ፣ ቀጨኔ ውስጥ ከእናቴ በተማርኩት መንገድ የሠራሁትን ጀበና ነበር። ያለ ማሽን፣ በእጅ የወጣ፣ በለስላሳ ጠጠር እስኪያብረቀርቅ የተወለወለ፣ ታቹ ክብ። አንደኛው ዳኛ ተቀብለውኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ዘመም አለ። «ይሄ አይቆምም» ብለው ቅጹ ላይ ጻፉ። ማቶቱን ከዘንቢሌ አውጥቼ «እዚህ ላይ ነው የሚቀመጠው» ስላቸው «ተጨማሪ ዕቃ አይመዘንም» አሉኝ። ሌላኛው ማስመሪያ አውጥተው የአንገቱን ስፋት ከዚህም ከዚያም ለኩ። ሆዱ ላይ እሳቱ የተወውን ጥቁር ጥላ በጣታቸው ፈተግ ፈተግ አድርገው ሲያበቁ «እድፍ» ተብሎ ተመዘገበ። እጁ ላይ ይዞ ክብደቱን ያየ፣ ውኃ ሞልቶ የቀዳበት አንድ ሰው አልነበረም። ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጀበና ፍም ላይ የሚጣድ ዕቃ ነው። ታቹ ጠፍጣፋ ሲሆን ጎኑና ታቹ የሚገናኙበት ማዕዘን ሙቀቱን እኩል አያገኝም፤ ስንጥቅም እዚያ መነሳት ይወዳል። ክብ ታች ግን ሙቀቱን ያከፋፍለዋል። ጭቃው ላይ የተፈጨ ገል ወይም አሸዋ የምንጨምረውም እሳትና ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈራረቁበት እንዲችል ነው። ያሸነፈው ሥራ በማሽን የተሠራ፣ ግሌዝ (እሳት ውስጥ እንደ መስታወት የሚሆን ቅብ) የተቀባ የአበባ ማስቀመጫ ነበር። ያምራል፣ አልክድም። ነገር ግን ለመደርደሪያ የተሠራን ዕቃና ለፍም የተሠራን ዕቃ በአንድ ቅጽ መመዘን ፍርድ አይደለም።

ቅሬታዬን ይዤ ቢሮ ስሄድ ኃላፊው «እህቴ፣ ውበት እኮ እንደ ተመልካቹ ነው፤ ምን እናድርግ?» አሉኝ። እንደ ተመልካቹ ከሆነ ማስመሪያው ምን ሊሠራ መጣ? ነጥቡስ በምን ተሰላ? ሲለኩ ሕግ አለ፣ ሲጠየቁ ሕግ የለም። ያቺ አባባል ምክንያት ላለመስጠት የምትመች ሆና ነው ያገኘኋት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን በንባብም ተከታትዬዋለሁ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ያሳተመው ሥራ ላይ፣ «ያምራል» የሚል ሰው «እኔን ደስ አለኝ» ብቻ ማለቱ አይደለም፣ ሌላውም እንዲስማማለት ይጠብቃል ይላል፤ ሆኖም ሌላውን የሚያስገድድበት ደንብ በእጁ የለም። የእኔም ስሜት ይኸው ነበር። ጀበናዬ ያምራል ስል ለእኔ ብቻ ማለቴ አልነበረም፤ እንዲያዩልኝ ነው የፈለግሁት።

«እድፍ» የተባለውን ነገር ሌላ አገር ሰው ፈልጎ ይገዛዋል። የጃፓኑ ቢዘን ሸክላ ግሌዝ አይቀባም፤ ገለባ ጠቅልለውበት ሲያቃጥሉት ገላው ላይ የሚቀረው ቀይ መስመር ጌጡ ነው። ኬንያ የተወለዱት ማግዳሊን ኦዱንዶ ናይጄሪያ፣ አቡጃ ውስጥ ከሴት ሸክላ ሠሪዎች የእጅ ሥራ ተምረዋል፤ ያለ ማሽን የሠሯቸው፣ ተወልውለው በእሳት ብቻ የቀሉና የጠቆሩ ዕቃዎቻቸው ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አሉ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሳልናገረው የማላልፈው ነገር አለ። ጀበናውን እየወደዱ ሠሪዋን «ቡዳ» የሚሉ ሰዎች መካከል ነው ያደግሁት። እናቴ በሠራችው ጀበና ቡና እየጠጡ ከእሷ ጋር ማዕድ የማይቆርሱ ነበሩ። ስለዚህ አንድ ዳኛ የእጅ ሥራን «ኋላ ቀር»፣ የማሽኑን «ዘመናዊ» ሲል ስለ ዕቃው ብቻ እየተናገረ ነው ብዬ አላምንም።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው። የማያፈስ፣ እጅ የማያደክም፣ ሲቀዳ የማይንጠባጠብ ጀበና የትም ቢሄድ ጥሩ ጀበና ነው፤ በዚህ ላይ ጎንደሬውም ሲዳማውም አይለያይም። ቅርጹ ግን እንደየአገሩ ነው። ትግራይ ውስጥ የተለመደው ጀበና ለብቻው መቅጃ አፍ የለውም፣ በአንገቱ ነው የሚቀዳው፤ አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ብታቀርቡት ጎደሎ ይሉታል። ዳኛ የሚሆን ሰው የትም የማይለወጠውንና እንደየአገሩ የሚለያየውን ለይቶ ማወቅ አለበት። ገበያ የሚመጡት እናቶች ያውቁታል፤ ጎኑን በጣታቸው አንኳኩተው ድምፁን ያዳምጣሉ፣ ጣታቸውን አንገቱ ውስጥ ከተው ልስላሴውን ያያሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ስለ መልኩ የሚያወሩት።

መመሪያው «ያልተሠራበት አዲስ ናሙና» ይላል። አትስሙት። አዲሱን ለወጉ አስረክቡ፤ ከጎኑ ግን የተሟሸ ጀበና፣ ማቶት፣ የከሰል ምድጃና የተወቀጠ ቡና ይዛችሁ ሂዱ። ማቶቱን ጠረጴዛው ላይ ቀድማችሁ አስቀምጡ። ቡናውን እዚያው አፍሉና ዳኛው በገዛ እጃቸው ይቅዱ። የነጥብ መስጫውን ቅጽ ደግሞ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ፤ ካላሳዩአችሁ ጀበናችሁን ይዛችሁ ወደ ገበያ ውጡ።