ከማርክ 3 ወደ ማርክ 4፦ የፎከስ ቁጥሮቼን ባልገለብጣቸው ኖሮ

ካኖን 5ዲ ማርክ 4 እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ሲሆን የፎቶግራፈሮች ቅሬታ በሦስት ነገር ላይ ያተኮረ ነበር። ስክሪኑ አይታጠፍም፤ 4ኬ ቪዲዮው ምስሉን ከሚይዘው ሴንሰር መሃል ብቻ ይቀዳል፤ የፎከስ ነጥቦቹ በ2012ቱ ማርክ 3 ላይ እንደነበሩት አሁንም 61 ናቸው። የወደዱት ደግሞ ጥላ ውስጥ የሚተርፈውን ዝርዝር፣ የንክኪ ስክሪኑንና የላይቭ ቪውን (በስክሪኑ እያዩ የማንሳትን) ፎከስ አነሱ። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። እኔን የጎዳኝ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም አይደለም። ማርክ 3 ላይ ለዓመታት ያጠራቀምኳቸውን የፎከስ ማስተካከያ ቁጥሮች (ፎከሱ ከሚገባው ቦታ ፊት ወይም ኋላ ሲያርፍ እንዲታረም ለየሌንሱ የሚሞሉትን) አዲሱ ካሜራ ላይ እንዳሉ ገለበጥኳቸው። ዛሬም ያገለገለ ማርክ 4 ገዝቶ የድሮ ሌንሶቹን ይዞ የሚቀጥል ብዙ ሰው ስላለ፣ ያኔ ማንም ያልነገረኝን እዚህ በዝርዝር አስቀምጣለሁ።

ቀላሉን ላስቀድም። ኤልፒ-ኢ6 ባትሪዎቻችሁ ይሠራሉ፤ አትጣሉ። የማርክ 3 ባትሪ ግሪፕ ቢጂ-ኢ11 ግን አይገጥምም፤ ማርክ 4 የሚፈልገው ቢጂ-ኢ20 ነው። በሁለት ካሜራ የምትሠሩ ከሆነ የሁለቱን ሰዓት እስከ ሰከንዱ አመሳስሉ፤ አለበለዚያ ፎቶዎቹን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። ካሜራው ሳያቀነባብር የሚያስቀምጠው ሮው ፋይል ከ27 ሜጋባይት ገደማ ወደ 37 ገደማ ስለሚያድግ የሃርድ ዲስክ ቦታ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። የፋይሉ ስያሜ እንደ ድሮው ሲአር2 ቢሆንም ከካሜራው በፊት የወጣ ሶፍትዌር አይከፍተውም። ሶፍትዌሩን መቀየር ካልፈለጋችሁ በነፃ የሚገኘው የአዶቤ ዲኤንጂ ኮንቨርተር ይበቃል።

ካርድ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሁለቱም ካሜራዎች አንድ ኤስዲና አንድ ሲኤፍ ካርድ ይይዛሉ። የማርክ 3 ኤስዲ ቀዳዳ ዩኤችኤስ የሚባለውን የፈጣን ካርድ ደረጃ ስለማይደግፍ፣ ሁለቱም ካርድ ላይ አብሮ መጻፍ ካሜራውን ያንቀው ነበር። የማርክ 4 ቀዳዳ ዩኤችኤስ-1 ይቀበላል። ዩኤችኤስ-2 ካርድ ብትከቱበትም የሚሠራው በዩኤችኤስ-1 ፍጥነት ነውና ለእሱ ብላችሁ ተጨማሪ ገንዘብ አታውጡ። ፈጣን ሲኤፍ ካርድ ላይ ብቻ ስትጽፉ በተከታታይ 21 ሮው ገደማ ይወስዳል። በሰከንድ 7 ፍሬም ሲሆን ይህ የ3 ሰከንድ ትንፋሽ ማለት ነው። ሁለቱም ካርድ ላይ ስትጽፉ ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስነው ደካማው ካርድ ነው። ፎከስን በኋላ በሶፍትዌር በጥቂቱ ለማንቀሳቀስ የሚያስችለውን፣ ዱዋል ፒክሰል ሮው የሚባለውን አጥፉት፤ ፋይሉን ወደ እጥፍ እያስጠጋ የሚመልስላችሁ ጥቂት ነው።

ቪዲዮ ለምትሠሩ፣ 4ኬው በሞሽን ጄፔግ በሰከንድ 500 ሜጋቢት ገደማ ስለሚጽፍ 64 ጊጋባይት ካርድ በ17 ደቂቃ አካባቢ ይሞላል። ክሮፑ (የሚቀዳው ክፍል የሚጠብበት መጠን) 1.74 ስለሆነ 24 ሚሜ ሌንሳችሁ እንደ 42 ሚሜ ያያል። ሰፊ ሌንስ ሳትይዙ ጠባብ ክፍል ውስጥ 4ኬ እሠራለሁ ብላችሁ ለማንም ቃል አትግቡ።

የብርሃን አለካክ ልማዳችሁንም ቀይሩ። ማርክ 3 ላይ ጥላውን በሶፍትዌር ስታነሱት መስመር መስመር የሆነ ቆሻሻ ይወጣ ስለነበር ብርሃኑን እስከ ጫፍ መግፋት ይሻል ነበር። ማርክ 4 ሲግናሉን ወደ ዲጂታል የሚለውጠው እዚያው ሴንሰሩ ላይ በመሆኑ በአይኤስኦ 100 የተነሳ ጥላ ሦስት ስቶፕ፣ ማለትም ስምንት እጥፍ፣ ቢነሳም ንጹህ ነው። ስለዚህ አሁን የምጠነቀቀው ነጩ ክፍል እንዳይቃጠል ነው፤ ጥላው ራሱን ይችላል።

አሁን ወደ ጥፋቱ።

5ዲ ተከታታይ ካሜራዎች ሴቲንግ ካርድ ላይ አስቀምጦ ሌላ ቦዲ (ሌንሱ የሚገጠምበት የካሜራው አካል) ላይ መጫን አይችሉም። ስለዚህ ሁሉንም ሜኑ በእጅ ነው የገለበጥኩት። ካሜራውን የሸጠልኝ ሰው «የድሮውን እንዳለ አስገባው፣ ያው አንድ ቤተሰብ ናቸው» አለኝ፤ እኔም ሳልጠይቅ አመንኩት። ሲስተሙን ለሚያውቅ ሰው ይህ ይቅር የማይባል ስህተት ነው። ኤኤፍ ማይክሮአድጀስትመንት የሚባለው ቁጥር፣ ከ−20 እስከ +20፣ የሌንሱ ብቻ ንብረት አይደለም። የሌንሱና የዚያ የተወሰነ ቦዲ የጋራ ስህተት ድምር ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በቪው ፋይንደር፣ በዓይን መመልከቻው፣ ስትሠሩ ፎከስ የሚለካው ምስሉን በሚይዘው ሴንሰር አይደለም። ከዋናው መስታወት ጀርባ ያለ ትንሽ መስታወት ብርሃኑን ወደ ታች፣ በመስታወት ሳጥኑ ወለል ላይ ወዳለ ሌላ ሴንሰር ይልከዋል። ብርሃን እስከዚያ የሚጓዘው ርቀትና እስከ ዋናው ሴንሰር የሚጓዘው ርቀት እኩል መሆን አለባቸው። የመስታወቱ ማረፊያ በፀጉር ስንጥቅ ያህል ከተዛነፈ ካሜራው «ሻርፕ ነው» ብሎ ድምፅ ያሰማል፣ ፎቶው ግን ሌላ ቦታ ላይ ያርፋል። ይህ መዛነፍ ከቦዲ ቦዲ ይለያያል፤ አንድ ሞዴል የሆኑ ሁለት ካሜራዎች እንኳ አይገጥሙም። መስታወት የሌላቸው ካሜራዎች ፎከስን ከዋናው ሴንሰር ላይ ስለሚያነቡ ይህ ጣጣ የለባቸውም።

ማርክ 3 ላይ የ85 ሚሜ ኤፍ 1.8 ሌንሴ ቁጥር +6 ነበር። ማርክ 4 ላይ የሚያስፈልገው −3 ሆኖ ተገኘ። +6 ይዤ አንድ ሙሉ የቁም ፎቶ ሥራ ሠራሁ። ፕላስ ፎከሱን ወደ ኋላ፣ ማይነስ ወደ ካሜራው ያመጣል፤ ስለዚህ ዘጠኝ እርምጃ ወደ ኋላ ገፋሁት ማለት ነው። የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ፣ አፐርቸሩ፣ ይሰፋል፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ክልል ደግሞ ይጠባል። በ2 ሜትር ርቀት በኤፍ 1.8 የዚህ ሌንስ ጥርት ያለ ክልል በአጠቃላይ 6 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ከዓይን ፊትም ኋላም ሦስት ሦስት ሴንቲሜትር መሆኑ ነው። ውጤቱም የጆሮ ፀጉር ጥርት ብሎ፣ ዓይን ደግሞ ሳሙና የተቀባ መስሎ ወጣ።

እዚያው ያልታየኝ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ፎቶው ሙሉውን ሆኖ በካሜራው ስክሪን ላይ ሲታይ ሁሉም ሻርፕ ይመስላል። ሁለተኛ፣ የቡድን ፎቶዎቹን በኤፍ 5.6 ስለሠራኋቸው የጥርት ክልሉ ሰፍቶ ስህተቱን ሸፈነው። በየመሃሉ የተመለከትኳቸው እነዚያን ነበር። ከዚያ በኋላ በምስል ማሳያው ሜኑ ውስጥ የማጉያውን ቁልፍ «ከተመረጠው ነጥብ በእውነተኛ መጠን» ወደሚለው ቀየርኩት፤ አንዴ ስጫነው ፎከስ ያደረግኩበት ቦታ ላይ ቀጥታ ያርፋል። ይህን ሴቲንግ ካሜራውን በከፈታችሁበት ቀን አድርጉት። ዱዋል ፒክሰል ሮው ቢበራ ኖሮ ያድነኝ ነበር ብላችሁም አታስቡ፤ በሶፍትዌር የሚያንቀሳቅሰው ፎከስ ለዚህ ዓይነት ስህተት አይደርስም።

ማረሙም ቢሆን በአንዴ አልተሳካም። መጀመሪያ ያዘነበለ ማስመሪያ ላይ በቀጥታ ፎከስ አድርጌ ለካሁ። ከ−8 እስከ +2 የሚዋልል ውጤት አገኘሁ። የፎከስ ነጥቡ እውነተኛ ስፋት በቪው ፋይንደር ከምታዩት ሳጥን ይበልጣል፤ ማስመሪያው ላይ ካሉት ቁጥሮች ያሻውን ይይዛል። ቀጥሎ ማታ በቢጫ አምፖል ሞከርኩ። በዚያ ብርሃን ያገኘሁት ቁጥር በቀን ብርሃን ካገኘሁት ጋር አልተስማማም፤ የብርሃኑ ቀለም የፎከስ ንባቡን ስለሚያዛባው ነው። ሁለት ቀን ያቃጠልኩት በዚህ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ይከነክነኛል።

የሠራልኝ ይህ ነው። ካሜራው ጠንካራ ትራይፖድ ላይ ይቆማል። ጥቁርና ነጭ ንድፍ የታተመበት ጠፍጣፋ ወረቀት ከሌንሱ ጋር ፍጹም ትይዩ ሆኖ ይሰቀላል፤ ያዘነበለው ማስመሪያ ከጎኑ ይቀመጣል፣ ለማንበብ ብቻ እንጂ ፎከስ ለማድረግ አይደለም። የቀን ብርሃን፣ የሌንሱ ትልቁ አፐርቸር፣ ዋን ሾት (ፎከሱን አንዴ ይዞ የሚቆመው ዘዴ)፣ መሃለኛው ነጥብ፣ የመንቀጥቀጥ መከላከያው የጠፋ፣ መስታወቱ ቀድሞ የተነሳና የ2 ሰከንድ ታይመር። መጀመሪያ በላይቭ ቪው ፎከስ አድርጋችሁ አንድ ፍሬም አንሱ። ላይቭ ቪው ከዋናው ሴንሰር ስለሚለካና ማስተካከያው ስለማይነካው፣ ያ ፍሬም ሌንሱ መስጠት የሚችለውን ጥራት ያሳያችኋል። ማመሳከሪያችሁ እሱ ነው። ያ ፍሬም ራሱ ደብዛዛ ከሆነ ችግሩ የሌንሱ ነውና ቁጥር ብትቀይሩም አትፈውሱትም።

ከዚያ ወደ ቪው ፋይንደር ተመለሱ። በ−10፣ በ0 እና በ+10 አምስት አምስት ፍሬም አንሱ። ከእያንዳንዱ ሾት በፊት ፎከሱ እንዲዛባ ቀለበቱን በእጅ አዙሩት፤ አንዴ ወደ ሩቅ፣ አንዴ ወደ ቅርብ። ይህን የዘለለ ሰው የሚለካው ሌንሱ ያለመንቀሳቀሱን ነው። ለማመሳከሪያው የቀረበውን ለዩ፣ በዙሪያው በ5 ልዩነት፣ ቀጥሎም በ2 ልዩነት ድገሙ። ከአምስቱ አንዱ ቢያፈነግጥ ተዉት፤ ሁለት ወይም ሦስት ካፈነገጠ ብርሃኑ ወይም ወረቀቱ ላይ ችግር አለ። ዙም ሌንስ ለሰፊው ጫፍና ለቴሌው (ለሚያቀርበው) ጫፍ ለየብቻ ቁጥር ይቀበላል፤ ሁለቱንም ለኩ። ኤክስቴንደር (ሌንሱ ይበልጥ እንዲያቀርብ የሚቀጠል ዕቃ) ከተጨመረ እንደ ሌላ ሌንስ ቆጥራችሁ እንደገና ጀምሩ።

ርቀቱን በተመለከተ የተለመደው ምክር የፎካል ርዝመቱን 50 እጥፍ ነው፤ ለ85 ሚሜ 4.25 ሜትር፣ ለ200 ሚሜ 10 ሜትር። እኔ አልከተለውም። የሌንስ ስህተት ከርቀት ጋር ስለሚለዋወጥ፣ በ85 ሚሜው ፊት የማነሳው ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ላይ ከሆነ የምለካውም እዚያው ነው። የካሜራው መመሪያ ማስተካከያው አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም ይላል። ለኤፍ 4 ሌንስ እስማማለሁ። ኤፍ 2 እና ከዚያ በላይ ብርሃን ለሚያስገባ ሌንስ ግን ሳይለካ ለሥራ መውጣት የለበትም እላለሁ። ፒክሰሉ መጨመሩንም አትርሱ። የምስሉ ስፋት ከ5760 ወደ 6720 ፒክሰል ስላደገ፣ በ100 በመቶ ስታዩት ያው ስህተት በአንድ ስድስተኛ ጎልቶ ይታያል። ከማርክ 3 ጋር ስታነጻጽሩ በእኩል የህትመት መጠን ይሁን።

በመጨረሻ የድሮውንና የአዲሱን ቁጥር ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ነገሩ ግልጽ ሆነ። 85 ሚሜ ኤፍ 1.8 ከ+6 ወደ −3፤ 35 ሚሜ ኤፍ 2 ከ+12 ወደ +4። 24-70 ኤፍ 2.8 በሰፊው ከ+7 ወደ +1፣ በቴሌው ከ+3 ወደ −2። 70-200 ኤፍ 2.8 በሰፊው ከ+6 ወደ 0፣ በቴሌው ከ+1 ወደ −5። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሄዱት። ልዩነቱ በኤፍ 2.8 ሌንሶች 5 እና 6፣ በብሩሆቹ 8 እና 9 ነው፤ የአንድ እርምጃ መጠን በሌንሱ ትልቁ አፐርቸር ስለሚወሰን፣ ያው የቦዲ ስህተት በብሩህ ሌንስ ላይ ብዙ እርምጃ ይሆናል። የሌንሶቼ ነው ብዬ ለዓመታት የያዝኩት ፕላስ ቁጥር አብዛኛው በሁለቱ ቦዲዎች መካከል ያለ ልዩነት ኖሯል። ቁጥሩ ሁሉ ፕላስ መሆኑን ብቻ አስተውዬ ቢሆን ጥርጣሬ ይገባኝ ነበር። የእናንተም ሁሉ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ቦዲው ነው፤ ዋስትና ካለው ለአምራቹ የጥገና ማዕከል ስጡት እንጂ በየሌንሱ አታካክሱ።

ቦዲው ወይም ሌንሱ ከወደቀ፣ ለጥገና ከተከፈተ ወይም ሴቲንጉ በሙሉ ከጸዳ ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ ማስተካከያው መብራቱንና ቁጥሩ መኖሩን ተመልከቱ፤ ከመውደቅና ከጥገና በኋላ ደግሞ እንደገና ለኩ። ማርክ 3ን ሁለተኛ ካሜራ አድርጌ አስቀርቼዋለሁ፤ ቁጥሮቹም ሳይነኩ እዚያው አሉ። በየሌንሱ የኋላ ክዳን ውስጥ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ ሁለት መስመር ጽፌበታለሁ፤ የ85 ሚሜው «ማርክ 3፦ +6፣ ማርክ 4፦ −3» ይላል፣ ከሥሩም የተለካበት ቀንና ርቀት አለ።