«ይቺኛዋን ችላ ብለሻታል»

የጥርስ ሐኪም ነኝ። አንድ ቀን አንዲት እናት የ7 ዓመት መንታ ሴቶች ልጆቿን ይዛ መጣች። የመጀመሪያዋን አየሁ፤ አንድም የተበላ ጥርስ የላትም። ሁለተኛዋ አፏን ስትከፍት ግን ስድስት የወተት ጥርሶቿ ተቦርቡረዋል። የሁለቱ ጥርሶች ቀዳዳ ነርቭ ድረስ ዘልቋል። ቀና አልኩና እናቲቱን «ይቺኛዋን ችላ ብለሻታል» አልኳት። ካርዱ ላይም «የወላጅ ቸልተኝነት» ብዬ ጻፍኩ።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ዶክተር፣ የሚበሉት አንድ ነው፤ ጥርሳቸውንም አንድ ላይ አቁሜ የምቦርሽላቸው እኔው ነኝ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። አላመንኳትም። ተደብቆ የሚሰጥ ጣፋጭ አለ ብዬ ደመደምኩ።

ከሄዱ በኋላ አብራኝ የምትሠራ አንጋፋ ሐኪም፣ ሁሉንም ሰምታ ኖሮ፣ «መንታዎቹ ይመሳሰላሉ?» አለችኝ። አይመሳሰሉም። ከሁለት እንቁላል የተገኙ ናቸው፤ እንደ ማንኛውም እህትማማች ነው ዘረመል የሚጋሩት። «እና አፋቸው አንድ ዓይነት መሆን አለበት ያለህ ማነው?» አለችና ወጣች።

ያን ምሽት ተማሪ ሳለሁ በጨረፍታ ያለፍኩትን ምዕራፍ ከፈትኩ። ባክቴሪያ ስኳሩን ወደ አሲድ ይቀይራል፤ ጥርሱ ላይ ያለው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ በረታ ማለት ነው) ከ5.5 ገደማ ሲወርድ ኢናሜል የሚባለው ጠንካራው የጥርስ የላይ ሽፋን መሟሟት ይጀምራል። ይሄንን አውቀዋለሁ። ልብ ያላልኩት ምራቅ ውስጥ የቆመውን ዘብ ነው። አይጂኤ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ባክቴሪያው ጥርስ ላይ እንዳይጣበቅ ያግዳል። ዲፌንሲን የሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖች የባክቴሪያውን ሽፋን ይበሳሉ። ላክቶፈሪን ደግሞ ባክቴሪያው የሚፈልገውን ብረት ይነጥቀዋል። እነዚህን የሚሠሩት ዘረመሎች ከሰው ሰው ይለያያሉ። ዲፌንሲን የሚሠራው ዴፍቢ1 የተባለ ዘረመልም ሆነ ሰውነት ባዕድ ነገርን እንዲለይ የሚረዱት የኤችኤልኤ ዘረመሎች አንዳንድ ዓይነቶቻቸው በጥናቶች ከጥርስ መቦርቦር ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። የኢናሜሉ ጥንካሬም የራሱ ዘረመሎች አሉት።

ዘር ብቻውን ጥርስ አይበላም፤ ስኳር ከሌለ መቦርቦር የለም። ግን ያው ስኳር አንዷን ሳይነካ እህቷን ሊጎዳ ይችላል። እኔ ይህን ሳልጠይቅ እናትን ከስሼ ነበር።

በማግስቱ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለችና «እኔስ ግድ የለም። ከትናንት ጀምሮ ‹እኔ ምን አጥፍቼ ነው?› እያለች የምታስቸግረኝ ልጄ ናት» አለችኝ።

ሲመለሱ መጀመሪያ ያነጋገርኩት ልጅቷን ነው። «ምንም አላጠፋሽም። አንዳንድ ጥርስ ከሌላው የበለጠ እርዳታ ይፈልጋል» አልኳት። የተጎዱትን አከምኩ። አዲስ የበቀሉትን ቋሚ የመንጋጋ ጥርሶቿን ሲላንት በሚባል መከላከያ ስስ ሽፋን ሸፈንኩ፤ በየ3 ወሩ ጥርስ የሚያጠነክር ፍሎራይድ ቫርኒሽ የሚባል ቅብ እንድቀባትም ከእናቷ ጋር ተስማማን። ካርዱን አውጥቼ የጻፍኩትን መስመር እናቲቱ እያየች ሰረዝኩት።