90 ገብተው 53 ይቀራሉ፦ የኮማንደርስን ክረምት ስከታተል የገባኝ

በ2025 (እ.ኤ.አ.) ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኔ ዝርዝር ሳይወጣ ማን እንደሚቀነስ መገመት ቻልኩ። ሁሉንም አላገኘሁም። ግን እዚሁ ተወልደው ካደጉት የሥራ ባልደረቦቼ የተሻለ ገመትኩ። ስለዚህ ትንሽ ልጎርር ነውና ቻሉኝ።

ቡድኔ ዋሽንግተን ኮማንደርስ ነው። የሰፈሬ ቡድን ስለሆነ እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። ልምምዱ አሽበርን፣ ቨርጂንያ ነው፤ ስታዲየሙ ላንዶቨር፣ ሜሪላንድ። እኔ አሌክሳንድሪያ፣ መሀል ላይ።

ስለ ጨዋታው ሕግ ብዙ አልጽፍም። አራት ዕድል አለህ፣ 10 ያርድ ትገፋለህ፣ ካልቻልክ ኳሷን ታስረክባለህ። ይሄ ቁጭ ብሎ ላየ ሰው በአንድ ከሰዓት ይገባል። እኔን የጎተተኝ የ2024ቱ ጄደን ዳንኤልስ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 4 አሸንፎ 13 የተሸነፈ ቡድን፣ ልጁ ኳርተርባክ (ኳሷን የሚወረውረው መሪ) ሆኖ በገባ ዓመት 12 አሸነፈ። በጥቅምት ቺካጎን ሰዓቱ ካለቀ በኋላ በ52 ያርድ ውርወራ 18 ለ 15 ሲያሸንፉ ያየ ሰው መቼም ወደ ኋላ አይመለስም። መጨረሻ ላይ ፊላዴልፊያ 55 ለ 23 አሸንፎ አስለቀሰን። እሱን እንዝለለው።

ዋናው ጉዳዬ ክረምቱ ነው። ብዙ አበሻ ይህን ስፖርት ከሱፐር ቦውል፣ ከዓመቱ የዋንጫ ጨዋታ፣ ይጀምራል፤ በኔ አስተያየት የተሳሳተ በር ነው። ቡድን እንዴት እንደሚሠራ ማየት የሚቻለው ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ነው። 90 ሰው ይዘው ካምፕ ይገባሉ፣ ሦስት የማይቆጠሩ ጨዋታዎች ይጫወታሉ፣ ከዚያ በአንድ ቀን ወደ 53 ይወርዳሉ። በ2025 ያ ቀን ኦገስት 26 ነበር። በ32ቱ ቡድኖች ከሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ቦታውን ያጣል ማለት ነው።

መጀመሪያ ስለ ነጥቡ። የ2025ቱ የዝግጅት ጨዋታ የጀመረው ኒው ኢንግላንድ ላይ ነው፣ 48 ለ 18 ተሸነፍን። ገና ከመጀመሪያው ምት አዲሱ ልጃቸው ሄንደርሰን ኳሷን ተቀብሎ ሜዳውን ሙሉ ሮጦ አገባብን። ስልኬ በ«አለቀልን» ተጥለቀለቀ። እኔ ምንም አልመሰለኝም፤ ለምን ብትሉ፣ ዲትሮይት በ2008፣ ክሊቭላንድ ደግሞ በ2017 ያኔ አራት የነበረውን የዝግጅት ጨዋታ ሁሉ አሸንፈው በዋናው ውድድር 16 ለዜሮ የተሸነፉ ቡድኖች ናቸው። በነሐሴ ነጥብ አትዩ። ማን መቼ እንደገባ ነው የሚታየው።

አሁን ወደ ራስ ምታቴ። በጣም ያስቸገረኝ ነገር፣ ጥሩ ጥሩ ሰው ተቀንሶ ያልታወቀ ልጅ የሚቀርበት ምክንያት ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ የተቀነሰው ተመልሶ ይመጣል። ሰውየውን አሰናበታችሁት፣ መልሳችሁ አመጣችሁት፣ ምን ዓይነት ሥራ ነው? የፕሪሚየር ሊግ 25 ሰው ዝርዝር የለመደ ጭንቅላት ይሄን አይቀበልም።

መፍቻው ዌቨር የሚሉት ነገር ነው። አራት የውድድር ዓመት ያልሞላው ተጫዋች ሲቀነስ በቀጥታ ነፃ አይሆንም። 24 ሰዓት ገበያ ላይ ይቆያል፤ ከሌሎቹ 31 ቡድኖች የፈለገው ስሙን ጽፎ ይወስደዋል። ሁለት ቡድን ከፈለገው ባለፈው ዓመት የባሰበት ይቀድማል። አራትና ከዚያ በላይ ያገለገለው ግን በተቀነሰበት ሰዓት ነፃ ነው፣ የት እንደሚሄድ ራሱ ይመርጣል። እንግዲህ አስቡት። ጎበዝ ጀማሪ ብትቀንስ ይነጠቅብሃል። የ31 ዓመት ነባር ብትቀንስና «ሁለት ቀን ታገሠኝ» ብትለው፣ ሰውየው ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልክ ይጠብቃል። በመሀል የተጎዳ ተጫዋች ወደ ጉዳተኞች መዝገብ ይዛወራል፣ ቢያንስ አራት ጨዋታ ያልፈዋል፣ ቦታ ይከፈታል፣ ነባሩ ይመለሳል። የሰርግ ጥሪ ዝርዝር የሠራ ሰው ይገባዋል፤ አዳራሹ ጠባብ ሲሆን የማይቀየም ዘመድ ነው መጀመሪያ የሚሰረዘው።

ይሄ ከገባኝ በኋላ ደብተር ገዛሁ። ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ አሉ፣ እኔ ግን በእስኪሪብቶ ነው የምወደው። በየቦታው እከፍለዋለሁ። ኳርተርባክ ሁለት ወይም ሦስት፣ ግንባር ላይ ለኳርተርባኩ የሚከላከሉት ወፋፍራሞች ዘጠኝ ወይም አስር፣ ተቀባይ አምስት ስድስት፣ የኋላ ተከላካይ አስር አካባቢ፤ ሦስት ቦታ ደግሞ ለመቺዎቹና ኳሷን ለሚያቀብላቸው። መቺው ትሬስ ዌይ ከ2014 ጀምሮ እዚያው ስለነበር፣ እሱን በቋሚ ቀለም ነው የጻፍኩት። ወደ 45 አካባቢ በቀላሉ ይሞላል። ጣጣው ያለው የመጨረሻዎቹ ስምንት ላይ ነው።

እነዚያን ስምንት የሚወስነው ስፔሻል ቲምስ ነው። ከምት በኋላ የሚሮጡት፣ የሚያግዱት፣ ማንም ስማቸውን የማያውቀው። የጨዋታ ማስጀመሪያው ምት ሕግ በ2024 ተቀየረ፤ በ2025 ደግሞ ኳሷ ወደ መጨረሻው ክልል በቀጥታ ብትገባ ተቀባዩ ቡድን ከ35 ያርድ ይጀምራል። ያን ያህል መሬት በነፃ መስጠት የሚፈልግ የለም። ስለዚህ ኳሷን አጭር ይመቷታል፣ ሩጫው ይበዛል፣ ሩጫውን የሚያቆም ሰው ይወደዳል። ያ የሄንደርሰን ሩጫ አሰልጣኞቹን ያበሳጨው በነጥቡ አይመስለኝም፤ በዚያች አንዲት ምት ላይ የሮጡት ልጆች ለእንጀራቸው እየሮጡ ነበር።

አሽበርን ልምምድ ለማየት የሄድኩ ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ ዳንኤልስን ሲቀርጽ እኔ ወዲያ ማዶ የስፔሻል ቲምስ አሰልጣኙ ላሪ ኢዞ ምት የሚያለማምዳቸውን ነበር የማየው። ሙቀቱ አይጣል ነው፣ ውኃ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ሰውዬ «ማንን ነው የምትፈልገው?» አለኝ። አምስተኛውን ተቀባይ ስለው ዝም ብሎ አየኝ።

በ2025 ያልገመትኩት የብራያን ሮቢንሰንን ነው። ዋና ሯጫችን ነበር፣ ነሐሴ ላይ ለሳንፍራንሲስኮ ሸጡት። ምክንያቱ ጃኮሪ ክሮስኪ-ሜሪት ነው፤ ሁሉም ቢል ይለዋል። በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) በሰባተኛው ዙር፣ ማለትም በመጨረሻው፣ የተመረጠ ልጅ። በ2024 አሪዞና ዩኒቨርሲቲ የተጫወተው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ቢልን ደብተሬ ላይ አስገብቼው ነበር፣ ሮቢንሰንንም አስገብቼው ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ነበር ምኞቴ።

ስለ ቴሪ መክሎሪን ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ተጨንቀናል። ውል አልታደሰልኝም ብሎ መጀመሪያ ቀረ። ከካምፕ ለሚቀር ነባር ቅጣቱ በቀን 50,000 ዶላር ነው፣ ስለዚህ መጣ፤ መጣና ቁርጭምጭሚቱ ተብሎ ከዳር ቆመ። ሽጡኝ ብሎ ጠየቀ። ዝርዝሩ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው እስከ 96 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ የሦስት ዓመት ማራዘሚያ ፈረመ። ብዙ ሰው «ስግብግብ» አለው። እኔ አልልም። ይሄ ስፖርት ጉልበትህን በ30 ዓመትህ ጨርሶ የሚሸኝ ነው፣ ቢሮው አንተን ለመቀነስ አንድ ደቂቃ አያመነታም፣ አንተም ስትችል ጠይቅ።

አሁን ምክር ልስጥ፣ ሰሚ ካለ።

ፋንታሲ ሊግ አትጀምሩበት። ኳስ የሚነካውን ሰው ብቻ ያስተምራል። ላረሚ ተንሲል ከሂውስተን ሲመጣ ፋንታሲ የሚጫወቱት ጓደኞቼ ማን እንደሆነ አያውቁም ነበር፤ የዳንኤልስን የግራ ጎን የሚጠብቅ ሰው እኮ ነው! ደሞዝ ጣሪያውንም ለጊዜው ተዉት። የ2025ቱ 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ዋስትና የተሰጠው ገንዘብ ሰውየው ቢሰናበትም ይቆጠራል፤ ከዚህ አልፌ ልግባ ስል እንቅልፍ ይወስደኛል፣ አላፍርበትም።

53ቱን ደግሞ እንደ ጸደቀ ሕግ አትዩት። በ2024 በመክፈቻው ጨዋታ መቺያችን ኬድ ዮርክ ሁለት ሳተ፣ ወዲያው ተሸኘ። በምትኩ የመጣው ኦስቲን ሳይበርት በሚቀጥለው ጨዋታ ሰባት ምት አግብቶ ኒውዮርክ ጃይንትስን 21 ለ 18 ብቻውን አሸነፈልን። ከ53ቱ ውጪ ደግሞ 16 ሰው በልምምድ ቡድን ይቀመጣል፣ በየጨዋታው ሁለት ማሳደግ ይቻላል። ቀነሱት ብላችሁ ስሙን አትሰርዙ፣ በእርሳስ ከጎኑ ምልክት አድርጉበት።

የ2025ቱ መክፈቻ ሴፕቴምበር 7 ነበር፣ ላንዶቨር፣ ከጃይንትስ ጋር። ጳጉሜ 2 መሆኑ ነው። ሁለተኛው ጨዋታ ሐሙስ ማታ ግሪን ቤይ ላይ ነበር፣ እሱ ደግሞ መስከረም 1 ላይ ወድቆ ነበር። ቤት ውስጥ ድርድሩ ተጀምሮ ነበር። እንቁጣጣሽ ማታ እንግዳ አለ ተብዬ፣ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል ግን ድምፁ ይዘጋል ወደሚለው እየተጠጋን ነበር። ልምድ ያላችሁ ንገሩኝ።