አንድ ፌስታል ሙሉ አንድ ብር

ጎረቤቴ ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው ክረምት ጎማው ተቀዶ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ 3,000 ብር አበደርኩት። ሁለቱን ሺህ በሁለት ጊዜ፣ በመቶ በመቶ ብር ኖት መለሰልኝ። የቀረውን አንድ ሺህ ግን አንድ ማታ ሱቄን ልዘጋ ስል በጥቁር ፌስታል ይዞልኝ መጣ። ፌስታሉ እንዳይቀደድ በሌላ ፌስታል ተደርቧል። ጠረጴዛዬ ላይ ሲያኖረው ምስማር የገዛልኝ መስሎኝ ነበር።

«እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ተሳፋሪ የሚሰጠኝ ይህንኑ ነው» አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

ቁጭ ብለን ቆጠርነው። 615 የአንድ ብር ሳንቲም፣ 77 የአምስት ብር ኖት። አሥር አሥሩን እየደረደርን አርባ ደቂቃ ፈጀብን። አንዷ ሳንቲም ጠርዟ በመዶሻ እንደተመታ ጎብጣ የገባችበትን ድርድር ሁሉ ታዘነብለዋለች። አየኋት፤ ዝም አልኩ። ሦስት ሺህ ብር አበድሮ ስለ አንድ ብር አፍ መክፈት ነውር ነው።

እኔ ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ አለችኝ። ታዲያ ለመልስ አይሆንሽም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ድሮ ቢሆን በደስታ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ ግን ተማሪው ስልኩን አውጥቶ ይከፍላል፤ መሳቢያዬም ዝርዝር የማይጠይቅበት ቀን እየበዛ ሄዷል። ስድስት መቶ ሳንቲም ከዚያ እስኪያልቅ እኔ ጡረታ እወጣለሁ።

በማግስቱ ባንክ ወሰድኩት። ገንዘብ ተቀባይዋ ፌስታሉን ከመስታወቱ ማዶ አየችው፤ ከዚያ እኔን፤ ከዚያ ከኋላዬ ያለውን ሰልፍ። «መቶ መቶውን ቋጥረው፣ ወረፋ በማይኖርበት ሰዓት ይዘው ይምጡ» አለችኝ። ወረፋ የማይኖርበት ሰዓት የትኛው ነው ብላት ሳቀች። አጠገቧ ያለው ማሽን ኖቱን ፍርርር እያደረገ ሲቆጥር፣ የእኔን ግን እሷ በጣቷ እየለቀመች ልትቆጥር መሆኑ ገባኝና አልተከራከርኳትም። እንግዲያስ ራሴ እበላዋለሁ ብዬ ተሸክሜ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ሱፐርማርኬት ነበር። ሳሙናና ክብሪት፣ አንድ ፓኬት ብስኩት፤ ሒሳቡ 82 ብር። እንዳላስቸግር ብዬ ሰማንያውን ቤቴ በስምንት ድርድር አሥር አሥር አድርጌ በወረቀት ጠቅልዬው ነበር፤ ከላዩ አንድ አምስት ብር ጨመርኩ። ልጅቷ አንዱን ጥቅል ፈታችው። «እህቴ፣ ይህን ሁሉ ማን ይቆጥርልሻል?»

«ተቆጥሯል።»

«በእኔ አልተቆጠረም።»

እውነቷን ነው። ማታ ሒሳብ ሲጎድል ከደመወዟ የሚቆረጠው ከእሷ እንጂ ከእኔ አይደለም። ስምንቱንም ጥቅል ፈታች፤ በሁለት ጣቷ ሁለት ሁለቱን እየጎተተች ወደ መሳቢያው ጠርዝ ታንሸራትታለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከኋላዬ ዳይፐር የታቀፈ ሰውዬ በረጅሙ ተነፈሰ። የጎበጠችዋ ጋ ስትደርስ አላቆመችም፤ በጥፍሯ ገፋ አድርጋ ወደ እኔ መለሰቻትና መቁጠሯን ቀጠለች። ሌላ ሰጠኋት። ሰማንያው ሞላ። ከዚያ መልሴ ሦስት ብር ነው አይደል? ልጅቷ ከጎኗ ካለው ሣጥን ሁለት ማስቲካ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ።

ሰማንያ ሳንቲም ፊቷ ተቆልሎ! ሳንቲሙን አየሁት፤ ማስቲካውን አየሁት፤ እሷም የማየውን አየች። በመጨረሻ ሁለታችንም ሳቅን፤ ሦስት ብሬን ቆጥራ ሰጠችኝ። ለካ እጅ የለመደውን ነው የሚሠራው።

አምስት ብሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። መስከረም 4 ቀን 2013 አዲሶቹ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች፣ ከእነሱም ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የ200 ብር ኖት ይፋ ሲሆኑ፣ አምስት ብር አልተነካም። ቀስ በቀስ ወደ ሳንቲም ይለወጣል ተብሎ አሮጌው እንዳለ ቀጠለ። ስለዚህ እጃችን የሚገባው አምስት ብር አብዛኛው ላብ የጠጣ፣ መሐሉ የተቀደደ፣ በፕላስተር የተጠገነ ነው። ሰው ሲሰጣችሁ በሁለት ጣት ነው፤ ስትቀበሉትም በሁለት ጣት።

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የጀበና ቡና የምጠጣበት ቤት አለ። ለአንድ ስኒ አራት የአምስት ብር ኖት አወጣሁ። ሴትዮዋ ሦስቱን ወሰደች፤ አራተኛውን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችና «ይህን ቀይሪልኝ» አለች። ፕላስተሩ ራሱ ሌላ ፕላስተር ተለጥፎበታል። እኔም ክርክር አማረኝና ሥዕሉን አሳየኋት። አምስት ብር ላይ ያለው ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ቡና እየለቀመ ነው። «ጅማ ላይ፣ ቡና ቤት ውስጥ፣ ቡና ለቃሚውን ታባርሪያለሽ?» አልኳት።

ጠጋ ብላ አየችው። «ይሄማ ደክሞታል፤ ቤቱ ይግባ» ብላ መለሰችልኝ። ቀየርኩላት።

በነገራችን ላይ ጅማ ገንዘብ ማገላበጥ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ ከሩቅ አገር ነጋዴ የሚጠራ ገበያ ነበር፤ የሚገበያዩትም በማርትሬዛ ብርና በአሞሌ ጨው ነው። ማርትሬዛ ላይ የተቀረጸችው የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ስትሆን፣ ብሩ በየትኛውም ዓመት ይመታ፣ የሚጻፍበት ዘመን ያው 1780 ነው። ያኔ ነጋዴው ዝም ብሎ አይቀበልም፤ የሴትዮዋን የትከሻ ጌጥ አተኩሮ ያያል፣ ፈርጡ ከተፋቀ ይመልሰዋል። አፄ ምኒልክ በራሳቸው መልክ ፓሪስ ያስመቱት፣ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት ብር ሲመጣ እንኳ ብዙው ነጋዴ የለመዳትን ሴትዮ ነበር የሚመርጠው። የራሱን ንጉሠ ነገሥት መልክ የመለሰ ገበያ የእኔን ጎባጣ አንድ ብር ቢመልስ ምን ይገርማል?

ያም ሆኖ ዕዳዬን ያቀለለልኝ ያው ገበያ ነው። ሐሙስ ዕለት ሂርማታ ወጣሁ። ድንችና ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት እናት አለች፤ ሁልጊዜ ከእሷ ነው የምገዛው። ሳንቲም ነው የያዝኩት ብዬ ገና ሳልጨርስ የነጠላዋን ጫፍ ዘረጋች። አምስት አምስቱን እየከፈለች ቆጠረች፦ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን። እጇ ከሱፐርማርኬቷ ልጅ በእጥፍ ይፈጥናል። አርባ አምስቱን ጨርሳ ቀና አለች።

«ልጄ፣ ሌላም አለሽ?»

አለኝ እንጂ! ፌስታሉን ከፈትኩላት። ከቀሚሷ ሥር ካለው መቀነት አንድ የ200 ብር ኖት ፈልቅቃ አወጣች፤ ወይን ጠጁ ቀለም እንኳ ገና ያልጨማደደ። የጠዋት ገዢ ሁሉ ይህን ይዞ ሁለት መደብ ድንች ሊገዛ እየመጣ፣ እሷ መልስ ፍለጋ ጎረቤት ስትለምን ገዢው እንደሚያመልጣት ነገረችኝ። ሁለት መቶ ሳንቲም ቆጥራ ተቀበለች፤ በላዩም ለምርቃት አምስት ቃሪያ ጨመረችልኝ። ጎባጣዋን ግን እሷም በትሕትና መለሰችልኝ። «ይህቺ ሰው ታጣላለች» አለች።

የቀረውን በዳቦና በባጃጅ ጨረስኩት ማለት ይቻላል። የባጃጅ ልጆች ጥያቄ የላቸውም፤ ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ውስጥ ይጨምሩታል።

እንዲህ በየሱቁ ገንዘብ ተቀባይ ስታዘብ ከርሜ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ልጅ የልደት የምስክር ወረቀት ኮፒ ሊያስነሣ መጣ። አምስት ብር አልኩት። አራት አንድ ብር ደረደረ፤ ከዚያ ሌላኛው ኪሱ ገብቶ አራት ስሙኒ አወጣ። ስሙኒ! ወንድና ሴት እጃቸውን ወደ ላይ የዘረጉባት፣ 1969 የተጻፈባት። ካየኋት ስንት ዓመቷ።

«ይህ አይሠራም፣ የእኔ ልጅ» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ራሴው ሰማሁት።

«ለምን? አራት ስሙኒ እኮ አንድ ብር ነው» አለ። ሒሳቡን ያላወቅኩ መስሎት ሊያስረዳኝ ፈለገ። «አንበሳም አለበት» ብሎ ገልብጦ አሳየኝ።

ልክ ነው፤ አንበሳ አለበት። ማን ይቀበለኛል ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ ይህንን ደግሞ ለአሥር ዓመት ልጅ እንዴት ብዬ ልንገረው? ኮፒውን አነሣሁለት። አራቱ ስሙኒ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ የወረቀት መያዣ ብረቶቹ መሐል ናቸው። አንዴ ለዳቦ ቤቱ ልጅ ላሳልፋቸው ሞክሬ ነበር፤ ያየኝ አስተያየት አሁንም ያሳፍረኛል።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ጎረቤቴ ባጃጁን በሬ ላይ አቁሞ እየሮጠ ገባ። በእጁ ሃምሳ ብር ይዟል። «እትዬ፣ ዝርዝር አለሽ? ዛሬ ሰዉ ሁሉ ትልልቁን ይዞ ነው የወጣው፤ መልስ አጣሁ።»

ፌስታሉ ሥር የቀረውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ሃምሳ ሳንቲም በአምስት ድርድር አቆምኩለት። እሱ ግን ድርድሩን አላመነም፤ አንድ በአንድ ሊቆጥር ጀመረ፣ ተሳፋሪዎቹ ውጭ እየጠበቁት። ሦስተኛው ድርድር ላይ እጁ ቆመ። አንዷን አውጥቶ በአውራ ጣቱ ጠርዟን ዳሰሰና ወደ እኔ ገፋት።

«ይህቺን ቀይሪልኝ፣ እትዬ። ማንም አይቀበለኝም።»

ቀየርኩለት።